ለአርባ የታጠፈ ሱሪ

ጓንጉል የዳማውን ፈረስ ልጓም ከምራቱ ከራሄል እጅ ቀማ። አንድ እግሯን እርካቡ ላይ አንስታ ነበርና ተንገዳግዳ ጭቃው ላይ ቆመች።

"በዚህ ልብስ አትወጪም" አላት።

ራሄል እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚወርድ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ነጠላዋንም እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገቷ መልሳዋለች። ባሏ ታሪኩ፣ የጓንጉል አንድያ ልጅ፣ ነገ አርባው ነው።

"አባባ፣ ሴትዮዋ እየሞተች ነው እኮ!"

ጴጥሮስ የጋጣው በር ላይ ጉልበቱን ይዞ ያለከልካል። ከቡሌ በላይ ካለው መንደሩ እስከዚህ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግሩ ሮጧል። ዳገቱን ናዳ ስለዘጋው መኪና አያልፍም፤ አዋላጅ ነርሷን ራሄልን በጊዜ የሚያደርሳት ፈረስ ብቻ ነው። ከጓንጉል ሦስት ፈረሶች ደግሞ ሁለቱ ተከራይተው ሄደዋል።

"ጋሽ ጓንጉል፣ ሚስቴ ከትናንት ጀምሮ ያምጣል" አለ ጴጥሮስ፤ ሲጨንቀው አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይለትም። "ቃሬዛ ላይ ብናስተኛው ደም ፈሰሰው። መልሰን አስገባነው። ሲስተር ካልደረሰ አለቀ።"

ጓንጉል ከበሩ በላይ የተቸነከረውን ቆርቆሮ ቀና ብሎ አየ። "ጋቢና ነጠላ አጣፍቶ፣ ቀሚስ ለብሶ፣ ክፍት ጫማ አድርጎ መጋለብ ክልክል ነው" ይላል። ስምንት ዓመት ሙሉ ለሠርግ አጃቢውም ለለቅሶ ደራሹም ይህን እያነበበ፣ ያኮረፈውን እያሰናበተ ኖሯል። ያጓደለው አንድ ማለዳ ብቻ ነው። ታሪኩ ብርዱን ፈርቶ ጋቢውን እንዳጣፋ በዚሁ ዳማ ላይ ሲወጣ፣ ጓንጉል እዚህ በር ላይ ቆሞ ነበር። "ወንዝ አጠጥቶ ለሚመለስ፣ ለዚያውም ለቤት ልጅ" ብሎ ዝም አለ። ፈረሱ ደነበረ፤ ታሪኩ ሲወድቅ የጋቢው ጫፍ ኮርቻው ላይ ተጠመጠመ። ዳማው ልጁን እስከ ድልድዩ ድረስ ጎተተው። አባት ማየቱን ለማንም ሳይተነፍስ ይኸው ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሆነው።

"ሱሪ ልበሺና ሂጂ" አላት።

"ከየት አምጥቼ? ሐዘን ስቀመጥ ሱሪዎቼን ሁሉ ዲላ ለእህቴ ልኬያቸዋለሁ። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ እይዘዋለሁ።"

ሚስቱ አሰፋች ድምፅ ሰምታ ከቤት ወጣች።

"ሱሪ ነው ያልከው? የልጄ አርባ ሳይወጣ ሚስቱ ሱሪ ታጥቃ አገር መሀል ልትጋልብ? አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ነገ እድርተኛው ምን ይላል?"

"ቀሚሴን እይዘዋለሁ አልኩ እኮ፣ እማማ" አለች ራሄል።

"እሱም ጋቢውን የሚይዘው መስሎት ነበር" አለ ጓንጉል። "ሲወጣ አይቼዋለሁ። ጋቢ አጣፍቶ ነበር። አልከለከልኩትም።"

አሰፋች መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ራሄል አማቷን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ዐይኗን ወደ ፈረሱ መለሰች። ዳማው ጭቃውን በኮቴው ይጭራል። ጴጥሮስ ብቻ የሚባለው አልገባውም፤ "መሸብን" ይላል፣ ገና ረፋድ ሳለ።

ጓንጉል ገብቶ ሣጥኑን ከፈተ። የታሪኩ ሸሚዝ፣ ኮቱና ግራጫ ሱሪው ታጥበው ታጥፈዋል፤ ነገ ከፍትሐቱ በኋላ ለነፍስ አባታቸው ሊሰጡ። አሰፋች ተከትላው ገባች።

"ለነፍሱ የተባለ ነው! የራስህን አትሰጣትም?"

"የእኔ ሱሪ ሁለት ራሄል ያስገባል። የሚንዘላዘል ሱሪ ከቀሚስ በምን ተሻለ?"

ሱሪውን ይዞ ወጣ። ራሄል ጋጣው ውስጥ ገብታ ለብሳው፣ ወገቡን በገመድ ሸምቅቃ ተመለሰች። እግሩ ግን ረዝሞ ጫማዋን ሸፍኖታል።

"እጠቀልለዋለሁ" አለች ጎንበስ ብላ።

"የተጠቀለለ ይፈታል።"

ጓንጉል የፈረስ ኮቴ የሚያስተካክልበትን ቢላ መዝዞ እግሯ ሥር ተንበረከከ። የሱሪውን ጠርዝ አሰፋች ለነገው ብላ በእጇ ደግማ ሰፍታዋለች። ስለቱ ክሩ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ልጁ ከሚስቱ የሚረዝምባት ያቺ አንድ ስንዝር ጨርቅ መዳፉ ውስጥ ነበረች። ቆረጣት። ወደ ሁለተኛው እግርም ዞሮ ቆረጠ።

አሰፋች ቀርባ የራሄልን ነጠላ ከትከሻዋ ገፈፈች።

"ሂጂ" አለቻት። "ፈጣሪ ያድርስሽ።"

ዳማው ዳገቱን ያዘ፤ ጴጥሮስም ከኋላው እየሮጠ ጉም ዋጣቸው። ይድረሱ አይድረሱ የሚያውቅ የለም።

"ለቄሱስ ነገ ምን ልንሰጥ ነው?" አለች አሰፋች፣ ነጠላውን እንዳቀፈች።

ጓንጉል ሁለቱን ቁራጮች አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"የእኔን ሱሪ እጠቢና ጨምሪበት" አላት።