ቁጥሩ ሞልቶ ሰው ሲጎድል

ማሪዮን ከጫካው አፋፍ፣ የአጥር መሻገሪያ እንጨት ላይ ወጥታ፣ የምትመራቸውን እግረኞች በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሞልቷል። ደስ ብሏት ልትወርድ አንድ እግሯን ካነሳች በኋላ ነው ባሏ ሌስሊ በመካከላቸው አለመኖሩን ያየችው።

ደግማ ቆጠረች። አሁንም ሞልቷል። ከጭጋጉ ይሁን ከእርጅናዋ እንጃ፣ ነገሩ አልገባ አላት። ሰው ሳይጎድል ባል እንዴት ይጎድላል?

«ሌስሊን ያየው አለ?»

«ከፊቴ ነው እኮ ያለው» አለች ብሪጅት ከወደ ኋላ። ብሪጅት የእግረኞቹ ማኅበር ጭራ ናት። መሪ ፊት ይሄዳል፣ ጭራ ኋላ ይሄዳል፣ ከጭራ ኋላ ማንም አይቀርም፤ ደንባቸው ይኸው ነው። ጡረታ ከወጣች ጀምሮ እሑድ እሑድ ይህንኑ ስትሠራ አንድም ሰው ጠፍቶባት አያውቅም፤ ይህንን ሳትናገር ውላም አታውቅም። «ይኸውልሽ፣ ሰማያዊ የዝናብ ልብስ የለበሰው።»

ሰማያዊ የለበሰው ሰውዬ ዞር አለ። ቁመቱ የሌስሊ ነው፣ ሽበቱም የሌስሊ ነው። ፊቱ ግን ከእነሱ የማንም አልነበረም። ሁሉም ሰውየውን አዩት፤ ሰውየውም ሁሉንም አያቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ማሪዮን፣ «እርስዎ ማን ነዎት?»

«ኖርማን እባላለሁ።»

«ከማን ጋር ነው የመጡት?»

«ከእናንተ ጋር ነዋ» አለ። ከዚያ ፊታቸውን አንድ በአንድ ቃኘና ድምፁ ወረደ። «አይደለም እንዴ?»

አጠገቡ የቆመው ኮሊን ጆሮው ድረስ ቀላ። ሜዳውን ሙሉ ከዚህ ሰው ጋር ሲያወራ የመጣው እሱ ነው።

«ጉልበቱን በቀዶ ሕክምና ስላስቀየረበት ነገር ነው ስናወራ የቆየነው» አለ። «ስሙን ልጠይቀው አሰብኩና ነውር መሰለኝ።»

«ስም መጠየቅ ምን ነውር አለው?»

«ባለፈው ወር ተዋውቀን ረስቼው ከሆነስ? ምን ሊለኝ ነው?»

«እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት» አለ ኖርማን በሐዘኔታ።

ነገሩ የተበላሸው ሜዳው ላይ ነው። ሐምራዊ አበባ ባለው ቁጥቋጦ መሐል ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ፣ ከወዲያ ማዶ ሌላ የእግረኛ ቡድን ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለ። ያን ጊዜ ማለፍ ነበር። ግን ይሉኝታ የሚሉት ነገር አለ። «እናንተ ቅደሙ» አሉ እነ ማሪዮን። «ኧረ በፍጹም፣ እናንተ ቅደሙ» አሉ እነዚያ። ሁለቱም ቆሙ፣ ሁለቱም አመሰገኑ፣ ስለ አየሩ ክፋት ተጨዋወቱ። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ቀደሙ። የዝናብ ልብሱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሰዉ ሁሉ ሽበታም፣ ጭጋጉ ደግሞ ከክንድ በላይ አያሳይም። እንዲህ አድርገው ኖርማንን ወስደው ሌስሊን ሰጥተው መጡ።

ብሪጅት ሳቀች። ኮሊንም ተከተላት፤ ኖርማን ሳይቀር ፈገግ አለ። ማሪዮን ብቻ አልሳቀችም።

«ምን ያስፈራሻል?» አላት ኮሊን። «ሌስሊ ትልቅ ሰው ነው። ነገሩ ሲገባው ቤቱን ያውቀዋል።»

ማሪዮን ግን ታውቃለች፤ ሌስሊ ቤቱን አያውቀውም። ከፋሲካ ወዲህ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ምን ሊያወጣ እንደመጣ ሳያውቅ የሚቆምበት ቀን በዝቷል። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ መሆኑን ከነገራቸው ቆይቷል፤ እሷ ግን ለማንም አልተናገረችም። አጃቢ የሚያስፈልገው ሰው ካለ ለመሪው ይነገር ይላል ደንቡ። መሪዋ እሷ ናት፤ ለራሷ ነገረችና ዝም አለች። ቢሰሙ ያስቀሩታል ብላ ፈርታ ነው። ሌስሊ ዛሬም ሌስሊ የሚሆነው ሲራመድ ብቻ ነው፤ እግሩ መንገድ ሲነካ ፊቱ ይበራል። ይህችን ከወሰዱበት ምን ይቀረዋል?

«የእርስዎ ሰዎች ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለች ኖርማንን።

«ምሳችንን ነጩ የጠመኔ ድንጋይ ኮረብታ ላይ ነው የምንበላው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ።»

ስልኳን አወጣች፤ እዚያ ረባዳ ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ቢኖርም ሌስሊ ስልኩን ቤት ትቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ መንገዱ ዳገት የለውም ተብለው የመጡትን የጉልበት ሕመምተኞች ይዛ ዳገት ወጣች።

ጫካው ውስጥ ቅጠሉ ረጥቦ፣ ሥሩ እግር ይጠልፋል። ከጫካው ሲወጡ ደግሞ ዝናብ የነካው ጠመኔ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ኮሊን ሁለቴ ወድቆ ሁለቴ ይቅርታ ጠየቀ፣ ማንን እንደሆነ እንጃ። ማሪዮን ግን ዓይኗ መንገዱ ላይ አልነበረም። ልቧ የመኪናውን አስፋልት ያስባል፣ የድንጋይ መቁረጫውን ገደል ያስባል። ሄዶስ ከእነዚያም ተለይቶ ከሆነ? ከማን ጋር ነዎት ቢሉት የማንን ስም ይጠራል? ፊት ትሁን ኋላ፣ ትሩጥ ትቁም፣ ግራ ገባት። ለሰው መንገድ መሪ ሆና የራሷን ሰው ጥላ መምጣቷ አንገበገባት።

ብሪጅት ከጭራ ቦታዋ ወጥታ መጥታ ጎኗ ደረሰች። ሳቋ ጠፍቷል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች።

«ተይ እንጂ ብሪጅት።»

«ምን ተይ ትይኛለሽ? ጭራዋ እኔ ነኝ። ልብሱን አይቼ ሰውየውን ሳላይ ቀረሁ። ዓይኔ ደክሟል ማለት ነው። ዛሬ ወርደን ስንገባ ለሊቀመንበሩ ደውዬ ሥራውን እለቃለሁ። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ገደል ልክተት እንዴ?»

ማሪዮን አሁን መናገር ነበረባት። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አለችና ሌላውን ዋጠችው። ብሪጅት አንገቷን ደፍታ ወደ ኋላ ተመለሰች።

ኮረብታው ጫፍ ጭጋጉ ከእግራቸው በታች ቀረ። የቤተ ክርስቲያኑን የድንጋይ አጥር ዞር ሲሉ ማሪዮን የባሏን ድምፅ ገና ሳታየው ሰማችው። ሌስሊ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በሁለት ሴቶች መሐል ተቀምጦ፣ የሰው ሳንድዊች ይዞ ያስተምራል። ዕድሜውን ሙሉ መምህር ነበረ።

«የተቀመጣችሁበት የባሕር ወለል ነው» ይላል። «በዓይን የማትታይ ፍጥረት ሞታ፣ በሞተችው ላይ ሌላዋ ሞታ፣ ይኸው ኮረብታ ሆነች።»

ማሪዮን ፊቱ ቆመች። ትቆጣው፣ ታቅፈው አላወቀችም። ሌስሊ ቀና ብሎ አያትና በትሕትና ፈቀቅ አለላት።

«ይምጡ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ» አላት። «ሻይ አለ። ዳገቱ አደከመዎት?»

ተቀመጠች። ሌላ የምታደርገው ነገር አልነበራትም። አንዷ ሴት ከፔርሙዙ ሻይ ቀድታ ሰጠቻት፣ ማሪዮንም አመስግና ያዘችው። ሌስሊ ወደ እግሯ ሲያይ ቆየ።

«ማሪዮን» አለ ቆይቶ፣ «ካልሲሽ እኮ በስብሷል።»

«አዎ የእኔ ጌታ» አለች።

የዚያኛው ቡድን መሪ መጣች፤ ኒሻ የምትባል ወጣት ናት። ኖርማን ከኋላቸው ብቅ ሲል እሱንም ሌስሊንም አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔም ቆጥሬ ነበር» አለች። «ልክ መጣልኝ። እሳቸውም ብቻዬን ነው የመጣሁት፣ ባለቤቴ መራመድ አትወድም አሉን።»

ኮሊን ሊስቅ ብሎ ብሪጅትን አይቶ ተወው።

«ጎበዝ እግረኛ ናቸው» አለች ኒሻ ለማሪዮን። «ብቻ ጎዳናው ጋ ስንሻገር ወዴት እንደምንሄድ ሦስቴ ጠየቁኝ። ማወቅ የሚገባኝ ነገር አለ?»

«ምንም የለም» አለች ብሪጅት ጣልቃ ገብታ፤ ዓይኗ ቀልቷል። «የእኔ ዝርክርክነት ነው። ጭራዋ እኔ ነበርኩ። ለማኅበሩም ይህንኑ ነው የምናገረው።»

እንዲህ ሆኖ ቢያልፍ ያልፍ ነበር። ብሪጅት ጥፋቱን ተሸክማ ቤቷ ትገባለች፣ ሌስሊ በሚቀጥለው እሑድ ጫማውን ያስራል፣ ማንም አይጠይቅም። ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ማሪዮን ኩባያውን መሬት አስቀመጠች።

«እሷ አላጠፋችም» አለች። «ሌስሊ የመርሳት በሽታ ይዞታል። ከከረመ ነው። አውቄ ደብቄያችሁ ነው።»

ሌስሊ ሳንድዊቹን እያኘከ ራሱን ነቀነቀ፤ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል። ቀድማ የተናገረችው ብሪጅት ናት።

«በየሳምንቱ ከኋላው ስሄድ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ብትነግሪኝ ዓይኔን ከእሱ ላይ እነቅል ነበር?»

«አትነቅዪም ነበር። እንዳያስቀሩት ፈርቼ ነው።»

«ዳገቱን ስወጣ እኮ ስለ ራሴ ያላልኩት የለም። አንቺም ጎኔ ሆነሽ ትሰሚያለሽ» አለች ብሪጅት።

ማሪዮን ለእሱ ፈርታ ነው እንጂ ለብሪጅት አላሰበችም፤ እውነቱ ይኸው ነው።

«ደንቡ አጃቢ ያለው ይምጣ ነው የሚለው» አለ ኮሊን ቀስ ብሎ። «አይመጣም አይልም። ግን መሪ አጃቢ መሆን አይችልም። እሱም ደንብ ነው።»

መምራት ለማሪዮን ቀላል ነገር አልነበረም። መንገዱን አስቀድማ ብቻዋን ሄዳ የምታይበት ሐሙስ፣ ከሳምንቱ ውስጥ የራሷ የሆነ አንድ ቀን ነበር። በአንገቷ ያንጠለጠለችውን የመንገድ ካርታ አውልቃ ለብሪጅት ዘረጋችላት።

«አንቺ ምሪን። እኔ ከእሱ ጋር እሄዳለሁ።»

ብሪጅት ወዲያው አልተቀበለችም። ካርታውን አየችው፣ ሌስሊን አየችው፣ ከዚያ ነጠቅ አድርጋ ወሰደች። «ገና እንዳኮረፍኩ ነኝ» አለች። «ሂሳባችንን ታች እንተሳሰባለን። ኮሊን፣ ጭራ ሁን።» ብላ ቁልቁለቱን ያዘች፤ ሌላውም ተከተላት።

ማሪዮንና ሌስሊ ሰው ፊት እጅ ለእጅ የሚያያዙ ዓይነት ባልና ሚስት አልነበሩም፤ በሠርጋቸው ቀን እንኳ አላደረጉትም። ጠመኔው የሚያዳልጥበት ላይ ሲደርሱ ክንዷን በክንዱ አስገባች። ሌስሊ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አየ።

«ሰው ያየናል» አላት በሹክሹክታ።

«ይየን» አለች፣ ጠበቅ አድርጋ ይዛው።