የሲስተር እጅ

«እግዜር ያጥናሽ» አለቻት ዳቦ ሻጯ። እጇን ግን አልለቀቀችም።

ልጅቷ ጠበቀች። ሴትዮዋም ጠበቀች። የሴትዮዋ ባል አጠገባቸው ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል።

ቅዳሜ ነው፤ እናቷ ከሞተች ሦስተኛ ቀን። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ እጇን ይዘው የሚቀሩ ሴቶች ስድስት ደረሱ። ግራ ገብቷት ጓዳ ገባች። አክስቷ የሻይ ብርጭቆ ታጥባለች።

«አክስቴ፣ እነዚህ ሴቶች ምን ሆነው ነው እጄን አልለቅ ያሉት?»

«ቀናቸውን ንገሪን እያሉሽ ነዋ!»

«የምን ቀን?»

«የመርፌ! ልጅ ማራራቂያው፣ የሦስት ወሩ። የቀጠሮ ካርድ ቤት ቢያስገቡ ባል ያያል። እናትሽ ካርዳቸውን ከጤና ጣቢያ በቦርሳዋ ይዛላቸው ትወጣለች። ቀኑ ሲቀርብ መንገድ ላይ ጨብጣ ጫን ታደርጋቸዋለች። አንድ ጫን፣ አንድ ቀን ቀረ። ባል ተብዬው እዛው ቆሞ ‹ደህና ነሽ ሲስተር?› ይላል፣ የዋሁ!»

አክስቷ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነባት።

ለልጅቷ፣ ትንሽ እያለች ከእናቷ ጋር ገበያ መሄድ ስቃይ ነበር። አስር እርምጃ፣ አንድ ሰላምታ። አስር እርምጃ፣ አንድ ሰላምታ።

«እማዬ፣ የማያውቅሽ ሰው የለም እንዴ?»

«ሞልቷል። ባሎቻቸው።»

ልጅቷ ድንገት የሽንኩርቱ ኬሻ ላይ ቁጭ አለች።

«ምነው ሆዴ?»

«ሰኞ ዕለት…»

ሰኞ ዕለት ሆስፒታል እናቷ ኦክስጅን ተደርጎላት ማውራት አትችልም ነበር። እጇን ያዘቻት። ጫን፣ ጫን። ሁለቴ።

«በርቺ እያልሽኝ ነው አይደል? እሺ፣ እበረታለሁ። ሥራ ስላለብኝ ሐሙስ እመጣለሁ» ብላ ግንባሯን ስማት ወጣች።

ረቡዕ ሞተች።

«ነግራኝ ነበር፣ አክስቴ። ቀኗን ነግራኝ ነበር።»

አክስቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አቀፈቻት።

ቦርሳው አልጋው ስር ነበር። ካርዶቹ ላይ ስም የለም፤ «ሳቂታዋ»፣ «የመንታዎቹ እናት»፣ «ዳቦ»። የ«ዳቦ»ን ቀን አየች። ሰኞ ይላል።

ፊቷን ታጥባ ወጣች። ባልና ሚስቱ ሊሄዱ ተነስተዋል።

«እግዜር ይስጥልኝ ስለመጣችሁ» አለችና የሴትዮዋን እጅ ያዘች።

አንዴ ጫን አደረገችው። ሁለተኛውን ጫን ስታደርግ ዳቦ ሻጯ ገብቷት አንገቷን ነቀነቀች።

አሁን እጅ አልለቅ ያለችው ልጅቷ ነበረች።