ድልድይ ስር የተጠለለችው ቀይ ፒክአፕ

ሐምሌ ላይ በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ሜዳ ሰማይ ሲጠቁር ሰው ልጁን ከደጅ አይጠራም፤ መጀመሪያ መኪናውን ከበረዶ ሊያሸሽ ቁልፉን ይፈልጋል። ቨርና ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ከመኪና ትርኢት ሲመለሱ፣ ባሏ ሃርላን እየነዳ ስለ ቀይዋ ፒክአፕ ሲያወራ እሷ ተራራውን ታይ ነበር። ተራራው በዳመና ተውጦ ጠፍቷል።

"ሃርላን፣ እዚያ ላይ እየዘነበ ነው። ጎርፉ ወደዚህ ይወርዳል፤ ከፍ ያለ ቦታ እንፈልግ።"

"እዚያ ተራራ ነው፣ እኛ ሜዳ ላይ ነን" አላት። ቀይዋን ፒክአፕ ዓመታት ሙሉ ሲቀባትና ሲወለውላት ኖሯል።

የመጀመሪያው በረዶ የፒክአፗን ጣሪያ ቋ ሲያደርገው ሃርላን ራሱ የተመታ ያህል ጮኸ። መሪውን አዙሮ የአውራ ጎዳናው ድልድይ ስር፣ ጎድጓዳው ቦታ ላይ ገባ። አገሬው ሁሉ መኪናውን ይዞ ቀድሞት ተኮልኩሏል። የፒክአፗ ኋላ ደጅ ቀረ።

"በረዶው አተር ያህላል" አለ አንዱ ሾፌር በመስኮት።

"ምን አተር! የጎልፍ ኳስ ነው እንጂ!"

"አምና እኔ ግቢ የወረደው የቤዝቦል ኳስ ነበር" አለ ሌላው፣ ራሱ እንዳዘነበው እየኮራ።

ሃርላን ወረደ። "ወንድሞቼ፣ በናታችሁ ጠጋ ጠጋ በሉልኝ! ኋላዋ እየተቀጠቀጠ ነው!"

ቨርና ግን መሬቱን ታያለች። ቡናማ ውሃ ጭራሮ እየገፋ መጣ።

"ሃርላን፣ ጎርፍ!"

"ውሃ ብረት አያጎደጉድም!"

የፈሩት ይደርሳል። ቨርና ሁሉን ስትፈራ ስለኖረች የትኛው እንደደረሰ ለመለየት አልተቸገረችም። ወደ መሪው ተሻግራ የኋላ ማርሽ አስገባችና ፒክአፗን ወደ በረዶው አወጣቻት።

"አበድሽ እንዴ? ቀለሙ! ቀለሙ!" ሃርላን እየሮጠ ኮፈኑን በደረቱ ሊከልል ሞከረ። ሌሎቹም ውሃው በራቸውን ሲነካ፣ እሷን እየተሳደቡ በከፈተችው መንገድ ተከተሏት።

ከፍታው ላይ ሲቆሙ ድልድዩ ስር ወንዝ ሆኗል፤ ግንድ እያላጋ ያልፋል። ቀይዋ ፒክአፕ ፈንጣጣ የወጣባት መስላለች። ሃርላን ግንባሩ ላይ ያበጠውን ትቶ የኮፈኑን ስርጉድ ይዳብሳል።

"ትንሽ ብትታገሺ" አላት፣ "ሊያባራ ነበር እኮ።"

"እሺ፣ አሁን ግባ" አለችው ሰማዩን እያየች። "መብረቁ ገና አልመጣም።"