ዘነበን ውሃ የጠማው ቀን

ወንድሜ ዘነበ ዲላ ገብቶ ካድሬ ከሆነ ወዲህ ያሳደገው ጓሮ ይሸተው ጀመር። እንሰት መሃል መኖር ኋላ ቀርነት ነው ይለናል። ያን ሆዱን ማን የሞላለት መሰለው?

በሰባ ስምንት ዓ.ም. ወደ ቀበሌያችን ወደ ዱመርሶ መጥቶ ሰው ሁሉ ቤቱን አፍርሶ መንገድ ዳር እንዲሰፍር አዘዘ። የጎረቤቶቻችን ቤት ሜዳ ሆኖ ሲቀር የእናታችንን ብቻ ሳይነካ ተወው። እናቴ በኀፍረት ከደጅ መውጣት አቃታት። እሱ ግን ውለታ የዋለልን መስሎት ደረቱን ይነፋል።

ሽማግሌዎች ወደ ሶንጎ ጠሩት፤ ከትልቁ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚፈርዱበት ሸንጎ ነው። «እኔን ሽማግሌ አያዘኝም» ብሎ ላከባቸው። ስለዚህ ፈረዱበት። መጥቶ ፊታቸው እስኪቀመጥ ድረስ ማንም እሳትም ውሃም አይሰጠውም፣ እናቱም ብትሆን።

በሳምንቱ አለቃውን በላንድሮቨር ይዞ መጣ። ሙቀቱ ሁሉንም አድክሟቸዋል። እናቴ በቅል ውሃ ቀድታ ለአለቃው ሰጠች፤ ለሾፌሩም ሰጠች። ዘነበ እጁን ሲዘረጋ ግን ቅሉን ወደ ደረቷ መለሰችው።

«ሶንጎ ፊት ተቀመጥ፣ ልጄ። ያኔ አጠጣሃለሁ» አለችው።

አለቃው ሳቀ። «ጓድ ዘነበ፣ እናትህ ናቸው እንዴ?»

ዘነበ አንዴ እሷን፣ አንዴ አለቃውን አየ። ወደ አዋሳ ሊያዛውረው ቃል የገባለት ይህ ሰው ነው።

«አይደሉም» አለ። «የሰፈሩ ሴት ናቸው።»

«ታዲያ ይህ ቤት እስካሁን ለምን አልፈረሰም?»

ዘነበ ኮቱን አውልቆ ጣሪያው ላይ ወጣ። አባታችን ያሰረውን ሣር በገዛ እጁ ይመዘው ጀመር። እናቴ ከምድጃዋ ፍሙን በገል ሰብስባ፣ ቤት ወደፈረሰባቸው ጎረቤቶቻችን ሄደች። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ እናቴ የተወችውን ቅል ውሃ ሞልቼ እዚያው ቆምኩ።

ፀሐይዋ ስትበረታ አለቃው መኪናው ውስጥ አንቀላፋ። ዘነበ ይህን አይቶ ከጣሪያው ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራኝ።

«አሰገደች፣ እህቴ፣ እባክሽ ውሃ።»

ቅሉ እጄ ላይ ነው፤ ሙሉ ነው።

«የማን ልጅ ሆነህ ነው ከዚህ ቤት ውሃ የምትጠይቀው?» አልኩት።

እሱ እያየኝ ውሃውን እንሰቱ ሥር ደፋሁት።