ሳኪዩሳ በገዛ አውቶቡሳቸው

ሳጥኑ በአውቶቡሱ በር አልገባ አለ። ስድስት ጎረምሶች ተሸክመውት ሁለቴ ሞከሩ፤ ሁለቴም ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ።

«ነግሬያችሁ ነበር» አለ ኤሞሪ አንገቱን በመሐረብ እየጠረገ። «ሠራዊቱ የአስከሬን መኪና ልላክ ሲል እምቢ አላችሁ። አሁንም አልረፈደም፤ ልደውልላቸው?»

እህቱ ከሌራ ከሾፌሩ ወንበር አልተነቃነቀችም። «በመስኮት አስገቡት» አለች። «ሸራውን ጠቅልሉት። አባዬ ስንት ጆንያ ኮኮናት በመስኮት ጭኗል!»

አሮጌው አውቶቡስ ጎኑ መስታወት የለውም፤ ዝናብ ሲመጣ ሸራ ይለቀቅበታል። ሸራው ተጠቀለለ፣ ሳጥኑም ሾልኮ ገባና ወንበር በተነቀለበት ቦታ፣ ሰሌኑ ላይ አረፈ። እናታቸው ኡናይሲ ከእግርጌው ተቀምጠው የሳጥኑን ልብስ አስተካከሉ።

«ይኸው ገባ። በሉ እንሂድ።»

አባታቸው ሳኪዩሳ ያረፉት በዘጠና ሦስት ዓመታቸው፣ ምሳቸውን በልተው ጋደም ባሉበት ነው። ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለውን ሞት ለእኔም» እያለ ስለነበር በለቅሶ ቤቱ ከእንባው ይልቅ ወሬው በዝቶ ሰነበተ። በሃያ ዓመታቸው ከአገራቸው ከፊጂ ወታደሮች ጋር ባሕር ተሻግረው፣ ማላያ ወደሚባል የእስያ አገር ዘመቱ፤ ጭናቸው ውስጥ የብረት ስባሪ፣ ደረታቸው ላይ ሜዳሊያ ይዘው ተመለሱ። ከዚያ አንድ ያረጀ የጦር ጭነት መኪና ገዝተው አግዳሚ ወንበር መቱበት። ዛሬ ወደ ሳቩሳቩ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ዐሥራ አንድ አውቶቡስ ስማቸውን ለጥፎ ይሮጣል።

ኤሞሪ ግን አባቱ የሚገባቸው የጀግና ቀብር ነው ብሎ ያምናል፤ የሾፌር አይደለም። ዋና ከተማው ሱቫ በትልቅ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። የክብር ዘቡ አራት ሰዓት ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዲሰለፍ ያደረገው፣ ካፒቴኑን የለመነው፣ ንግግሩንም ያዘጋጀው እሱ ነው። አሁን እንደ አገሩ የክብር ልብስ ወግ ጥቁር ኮትና ጥቁር ሽርጥ ለብሶ፣ አቧራ እየጠጣ፣ ከአባቱ ሳጥን አጠገብ ይንገጫገጫል።

በመጀመሪያው መንደር ከማንጎው ዛፍ ሥር የቆሙ ሰዎች እጃቸውን ዘረጉ። ከሌራ አቆመች። ቀድመው የተሳፈሩት ሽማግሌው ኢሲኬሊ ነበሩ፤ ከሳኪዩሳ ጋር ማላያ ከዘመቱት በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሳጥኑ ፊት ቀጥ ብለው ሰላምታ ሰጡ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ኤሞሪ አጠገብ ተቀመጡ።

«ንግግር የምታደርገው አንተ ነህ አሉ። ምን ልትል ነው?»

«በተኩስ መሃል ስላሳየው ጀግንነት ነው አጎቴ።»

«እሱስ እውነት ነው። ቆስዬ ወድቄ ከወንዙ ዳር ጎትቶ ያወጣኝ እሱ ነው። ግን እየጎተተኝ ምን ይለኝ እንደነበር ነገረህ?»

«አልነገረኝም። ስለ ጦርነቱ አያወራም ነበር።»

«‹ኢሲኬሊ፣ እንዳትሞትብኝ! አገራችን ገብተን መኪና እንገዛለን፤ ትኬት ቆራጩ አንተ ነህ› ይለኛል። ጥይቱ ከላያችን ያፏጫል፣ እሱ ሥራ ይቀጥረኛል!»

ኤሞሪ ሳያስበው ፈገግ አለ። «ታዲያ ቆራጭ ሆኑ?»

«ሁለት ወር። ከዚያ ‹ዘመዶችህን በነፃ እየጫንክ ልታደኸየኝ ነው› ብሎ አባረረኝ።»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ከሁሉም በላይ የሳቁት ኡናይሲ ነበሩ። «ውሸቱን ነው እንዴ?» አሉ። «የአክስትህ ልጆች ብቻቸውን አንድ መኪና ይሞሉ ነበር!»

ድልድዩ አጠገብ አንድ ቀይ አውቶቡስ ቆሟል። ባለቤቱ ፓርሱራም የቢጫ አበባ ጉንጉን ይዘው መንገዱ ዳር ይጠብቃሉ። አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ መንገድ ላይ ከሳኪዩሳ ጋር ተሳፋሪ ሲሻሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሌራ ስታቆም ተሳፍረው አበባውን ሳጥኑ ላይ አኖሩ።

«ዕድሜ ልኩን ሲቀድመኝ ኖሮ ይኸው ዛሬም ቀደመኝ» አሉ።

«አንተ ደግሞ ፍሬን እንጂ ነዳጅ መርገጥ መቼ ታውቃለህ?» አሏቸው ኡናይሲ፣ ቦታ እየለቀቁላቸው።

ፓርሱራም ተቀመጡና ወደ ኤሞሪ ዞሩ። «ያ አውሎ ነፋስ ይህን ድልድይ የወሰደው ጊዜ አንተ ሱቫ ትምህርት ቤት ነበርክ። እኔ ከነመኪናዬ ከማዶ ቀረሁ፣ እሱ ከዚህ። ተሳፋሪው ወንዙን በእግሩ ይሻገራል፤ እሱ ያመጣውን እኔ እወስዳለሁ፣ እኔ ያመጣሁትን እሱ። እንደ ወንድማማች ሠራን። እንዲያውም ‹ለምን በሽርክና አንቀጥልም› ልለው አስቤ ነበር።»

«አሉት?»

«የት ጊዜ ሰጠኝ! ድልድዩ በተጠገነ ማግስት፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተሻግሮ ከእኔ ፌርማታ ሰውን ጠራርጎ ወሰደው!» ጭናቸውን መትተው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ሳጥኑን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉ። «እንግዲህ ማንን ልቀድም ብዬ ነው ማልጄ የምነሳው?»

ኡናይሲ እጃቸውን ያዟቸው።

የኤሞሪ ስልክ ጮኸ። ካፒቴኑ ነው። «ጌታዬ፣ ዘቡ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ እንግዶቹም ገብተዋል። የት ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል፣ ደርሰናል» አለ ኤሞሪ። ስልኩን ዘግቶ ወደ ፊት ጮኸ። «ከሌራ! ከአሁን በኋላ የትም እንዳትቆሚ!»

«እሺ አለቃ።»

የባሕሩን ዳርቻ ይዘው ትንሽ እንደሄዱ፣ ከኮኮናቶቹ መሃል አንዲት ወፍራም ሴት ሮጣ ወጣችና ሁለት እጇን እያወዛወዘች መንገዱ ዳር ቆመች። ከኋላዋ ሦስት ጆንያ ጎደሬ ተደርድሯል። የለበሰችው ደማቅ የአበባ ቀሚስ ነው፤ ማን እንደሞተ የሰማች አትመስልም።

ከሌራ ነዳጁን ቀነሰች፤ ግን ፍሬን አልያዘችም። በመስታወቱ ወንድሟን አየችው። «ምን ላድርግ? ልለፋት?»

ኤሞሪ እናቱን ተመለከተ። ኡናይሲ ባሕሩን እያዩ ነው፤ ሊረዱት አልፈለጉም። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«አቁሚ» አለ።

ሴትዮዋ እያለከለከች ደረጃውን ወጣች። «ተባረኩ! ገበያው ሊያመልጠኝ...» ሳጥኑን ስታይ አፏን ያዘች። «ውይ! ማነው?»

«ሳኪዩሳ ነው» አሏት ኡናይሲ።

«ሳኪዩሳ? ውይ በሞትኩ! እኔ እኮ ከባለቤቴ አገር ትናንት ማታ ነው የገባሁት፤ አልሰማሁም። ይቅር በሉኝ፣ በሉ ልውረድ!»

«ተቀመጪ» አለ ኤሞሪ። ኮቱን አወለቀና ስልኩ ኪሱ ውስጥ እየጮኸ ለእናቱ አስያዘ። የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ፣ ጆንያዎቹን ሊያነሳ ወደ መንገዱ ወረደ።