የዘንዶው ዓመት ጭረት

ቤቱ የወይዘሮ ሙይ ነው። ለቅድመ አያቶቿ የሠሩት ግን የእኛ መንደር ሰዎች፣ የኪም ቦንግ አናጺዎች ናቸው። መንደራችን ከሆይ አን ከተማ ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ከተማው ውስጥ ካሉት አሮጌ ቤቶች የእኛ ሰው እጅ ያላረፈበትን መፈለግ ድካም ነው። ስማችን ግን አንዱም ቤት ላይ የለም። አናጺ በሰው ቤት ላይ ስሙን አይጽፍም። አባቴ ያስተማረኝ ይህንን ነው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ወይዘሮ ሙይ ላከችብኝ። ድልድይ ከተሠራ ቆይቷል፤ እኔ ግን አሁንም በታንኳ ነው የምሻገረው። ከተማዋ ከውሃ ላይ ስትታይ ሌላ ናት። ጠዋት ቢጫዎቹ ግድግዳዎች መጀመሪያ ይነቃሉ። ከዚያ ጣሪያዎቹ። አንዱ በጀርባው፣ አንዱ በሆዱ እየተደረደረ የተከደነው ሸክላ ላይ ሣር በቅሏል። ሰባ ዓመት አየሁት፤ አልጠገብኩትም።

ከበሩ በላይ ቤቱን እንዲጠብቁ የተተከሉት ሁለቱ የእንጨት ዓይኖች እንደ ወትሮው አዩኝ። ወይዘሮ ሙይ ከመሐለኛው ምሰሶ አጠገብ ቆማ ነበር።

«ጋሽ ሉአን፣ ሞት ሳይመጣ ይድረሱልኝ ብዬ ነው» አለችኝ።

«ለማን? ለምሰሶው ወይስ ለእኔ?»

«ማን እንደሚቀድም አላወቅኩም።»

በመሮዬ ጫፍ እግሩን ነካሁት። እንደ እርጥብ ዳቦ ገባልኝ። ከጉልበት በታች በስብሷል። ከዚያ በላይ ግን ብረት ነው፤ ሁለት መቶ ዓመት የቆመ እንጨት፣ ሰው በእጁ እየዳሰሰው የጠቆረ።

ምሰሶው ላይ ጭረቶች አሉ። ወንዙ ቤት ውስጥ በገባ ቁጥር ባለቤቱ ውሃው የደረሰበትን በቢላ ይጭራል፤ ዓመቱን ከጎኑ ይጽፋል። እኛ ዓመትን በእንስሳ ስም ነው የምንጠራው። ከሁሉም በላይ ያለው የዘንዶው ዓመት ነው። የወይዘሮ ሙይ አባት ቆጥ ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ በወለሉ ቀዳዳ እጃቸውን ቁልቁል ዘርግተው ጫሩት። እሷ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እግራቸውን ይዛ ነበር። ከእሱ በታች የድመቷ ዓመት አለ፤ ከዚያ የበሬው፣ የዶሮው፣ የአይጡ። ጎርፍ ሊመጣ ነው ሲባል የመንገዱ ሰው ሁሉ መጥቶ ይህን ምሰሶ ያያል፤ ዕቃውን እስከየት መስቀል እንዳለበት የሚያውቀው ከዚህ ነው።

የመንገዱ ሰው ሁሉ፣ ከአንዱ በቀር። እሱም ግድግዳ የሚጋራት ጎረቤቷ፣ መድኃኒት ቀማሚው ሱንግ ነው።

ሱንግና ሙይ አብረው ያደጉ ናቸው። በሁለቱ ቤቶች ጓሮ መሐል ትንሽ በር ነበረች። በድመቷ ዓመት ጎርፉ መጣ። ውሃው ሲወርድ ሁለቱም ምልክታቸውን ጫሩ። በሱንግ ግንብ ላይ የድመቷ ውሃ አባቱ ከጫሩት ከዘንዶው ሙሉ ስንዝር አነሰ። በሙይ ምሰሶ ላይ ግማሽ ስንዝር ብቻ። ውሃ ደግሞ ለአንዱ ቤት አድልቶ ከፍ አይልም። ስለዚህ በዘንዶው ዓመት ከሁለቱ አባቶች አንዱ ተሳስቷል።

«አባትሽ ሰክረው ነው የጫሩት» አለ ሱንግ።

«ያንተ አባት ጉራቸውን ነው የጫሩት» አለች ሙይ።

ትንሿ በር ተዘጋች። ሃያ አራት ዓመት አልተነጋገሩም። ከተማው ሳቀባቸው። እኔም ወንዙን ስሻገር ከታንኳ ቀዛፊዎቹ ጋር ስቄያለሁ።

ሥራ ጀመርኩ። ከወለሉ አጠገብ ያለውን ቆሻሻ ጠረግኩና መጋጠሚያ አገኘሁ። ከታች አሮጌ ጥገና ነበረበት። እንጨቶቹ የሚነካከሱባቸው ጥርሶች ወደ ግራ ያጋደሉ ናቸው። ጥርስ ወደ ግራ የሚጠርብ አናጺ በመንደራችን አንድ ነው፤ ግራኙ እኔ።

አስታወስኩ። ከዘንዶው ዓመት ሃያ ዓመት በኋላ ነው። አባቷ ሞተዋል፤ እናቷ ጠሩኝ። እንጨት የማይገኝበት፣ ሸክላ የማይገኝበት ጊዜ ነበር። የምሰሶው እግር በስብሶ ተጨፍልቆ ነበር፤ ጣሪያውም አብሮት ዝቅ ብሏል። ማንሳት ነበረብኝ። ባነሳው ሸክላው ይሰነጠቃል፤ የሚተካ የለም። ዝቅ እንዳለ ለካሁት፤ አዲስ እግር በዚያው ልክ አሳጥሬ ገጠምኩ። ወጋግራው በትንሹ አዘመመ። ማን ያየዋል አልኩ። እናቷ አመሰገኑኝ። እንዳሳጠርኩት አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ሁለት ክሪክ ከወጋግራው ሥር አቆምኩ። ቀስ ብዬ፣ በየሩብ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ አነሳሁ። እንጨቱ አቃሰተ። ወደ እኩለ ቀን ወጋግራው ቀጥ አለ። ቤቱ ትከሻውን አሰፋ። እንደዚያ ሲሆን ቤት ያምራል፤ አንድ ሚስማር የለውም፣ ሁሉም እርስ በርሱ ተያይዞ ነው የሚቆመው። ወይዘሮ ሙይ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እናቴ ብታየው!» አለች።

እኔ የማየው ግን የምሰሶውን እግር ነበር። ከመሠረት ድንጋዩ ግማሽ ስንዝር ተነስቷል፤ ያኔ ያሳጠርኩት፣ የአባቷንም ጭረት ይዞ የወረደው ያ ነው።

የከተማዋን ምግብ፣ ካው ላው አቀረበችልኝ። ወፍራሙን ኑድል በልቼ የአሳማ ሥጋውን ተውኩት። ሥጋ የምተው ሰው አይደለሁም።

«አልጣፈጠም?»

«ጣፍጧል።»

እያኘክሁ አሰብኩት። ቤቱን መልሼ ዝቅ ባደርገው ማንም አያውቅም፤ ወጋግራው እንደዘመመ ይኖራል። እንደተነሳ ብተወው የአባቷ ጭረት ይቀናል፤ ከጥገናዬ በኋላ የተጫሩት አራቱ ግን ከውሃው በላይ ይወጣሉ። የመንገዱ ሰው መጥቶ የሚያየው ውሸት ይሆናል። ዝም ለማለት መንገድ ነበረኝ። በአናጺነት ስሜ ስልሳ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ልጆቼም የሚበሉት በዚያ ስም ነው።

ተነሳሁና ቱቦዬን አወጣሁ። ውሃ የሚሞላበት ረጅም ቀጭን ቱቦ ነው። ሁለቱ ጫፎች የትም ይሁኑ፣ ውሃው በሁለቱም እኩል ይቆማል። በጓሮው ግንብ ላይ አሳልፌ ወደ ሱንግ ቤት ለቀቅኩት። ከዚያ በመንገዱ በኩል ዞሬ በዋናው በሩ ገባሁ።

«ሱንግ፣ ይህን ያዝልኝ። ውሃውን ከአባትህ ጭረት እኩል አድርገው።»

«ለእሷ ቤት ነው?»

«ለእኔ ነው።»

ያዘ። ተመልሼ ሌላውን ጫፍ ለሙይ ሰጠኋት።

«እሱ ነው ወዲያ ያለው?» አለችኝ።

«ውሃ ነው ወዲያ ያለው። ያዥ።»

«እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ንገሩት!»

ከግንቡ ማዶ ድምፅ መጣ። «ጋሽ ሉአን! ከእኔ እጅ በፊት የእሷ ምላስ ይረፍ በሉልኝ!»

ውሃው ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ። የቆመው አባቷ በጫሩት መስመር ላይ ነው። ፀጉር አይገባበትም።

ወይዘሮ ሙይ ብዙ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ነገርኳት። አላሳጠርኩም፤ አላስረዘምኩም። የአሮጌውን እግር ቁራጭ ነቅዬ አነሳሁና ወደ ግራ ያጋደሉትን ጥርሶች አሳየኋት።

«አንተ!» አለች። እርስዎነቴ እዚያው ቀረ። «ሃያ አራት ዓመት! ስትሻገር ስትመለስ እየሰማህ!»

«እየሳቅኩም።»

ቱቦውን ለቀቀችው፤ ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ምን ተፈጠረ?» አለ ሱንግ ከማዶ። «ውሃው ሸሸኝ!»

«ንገረው» አለችኝ።

«ጥፋቱን እኔ እነግረዋለሁ። የአባትሽን ነገር ግን አንቺ ንገሪው።»

ወደ ጓሮው ሄደች። ትንሿን በር በቀርከሃ እንጨት ደግፋ ነው የዘጋቻት። እንጨቱን ስትጎትት ትነቅለው ዘንድ ልረዳት ፈለግሁ፤ በክርኗ ገፋችኝ። በሩ ግማሹ ተከፈተ። ሱንግ የቱቦውን ጫፍ እንደ ሻማ ይዞ ቆሟል።

«አባቴ አልሰከሩም» አለችው።

ሱንግ እኔን አየ፤ ቁራጩን እንጨት አየ። መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ ሚዛን ያውቃል። ጊዜ አልፈጀበትም።

«የኔም ጉረኛ አልነበሩም ማለት ነው?»

«እሱን አላልኩም። በዚህ ጭረት አልዋሹም ነው ያልኩት።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

ሥራው አሥራ ሦስት ቀን ፈጀ። አዲሱን እግር በሙሉ ቁመቱ ገጠምኩ። ከዚያ አራቱን ጭረቶች በትክክለኛው ቦታ፣ ግማሽ ስንዝር ዝቅ አድርጌ ጫርኩ። የተሳሳቱትን በሰምና በእንጨት ብናኝ ልደፍናቸው ተነሳሁ።

«ተዋቸው» አለች ወይዘሮ ሙይ።

«ሰው ይሳሳትባቸዋል።»

«እንዳይሳሳት ከጎናቸው ስምህን ጻፍ። የሉአን ጭረቶች እንዲባሉ።»

«እኛ በሰው ቤት ላይ ስም አንጽፍም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልኩህ።»

ሱንግ በሩ ላይ ተደግፎ ሻዩን እየጠጣ ነበር። ሻዩ የእሷ ነው። ይገላግለኝ እንደሆን አየሁት።

«በጉልህ ይሁን ጋሽ ሉአን» አለኝ፤ «ዓይኔ ደክሟል።»

ጻፍኩ። ለሦስት መቶ ዓመት የመንደሬ ሰዎች በዚህ ከተማ ሲሠሩ፣ ምሰሶ ላይ ስሙ ያለ ሌላ አላየሁም።

በጥቅምት ውሃው መጣ። ትልቅ አልነበረም፤ ከወገብ አላለፈም። የመንገዱ ሰው ሁሉ አስቀድሞ መጥቶ ምሰሶውን አየ፤ ስሜንም አነበበ። ውሃው ሊወርድ ሲል ተሻግሬ ሄድኩ፤ እግሩን ማየት ነበረብኝ። እዚያ ከተማ ጭቃን ውሃው ሳለ ነው የሚጠርጉት፤ ወንዙ ሲመለስ የራሱን ይዞ እንዲሄድ። ከጠበቁት ይደርቃል። ሁለቱ ቤቶች ሁሉንም በሮች ከፍተው፣ ሙይ ከጓሮ ወደ ትንሿ በር ትጠርጋለች፤ ሱንግ ተቀብሎ ወደ መንገዱ ይገፋል።

«ያንቺን ጭቃ ለእኔ ነው የምትሰጪኝ?» ይላል።

«ዝም ብለህ ግፋ፤ ውሃው ሊያመልጠን ነው።»

አዲሱ እግር አልተነቃነቀም። መጥረጊያ አንስቼ ገባሁ።