ያልወረደው ሰንሰለት

ከተማችንን ሃልዶቭን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ዘመመችው ቤተ ክርስቲያን ነው። እጃቸውን ዘርግተው የደገፏት አስመስለው ፎቶ ይነሳሉ። ይነሱ። ያዘመምናት እኛው ነን፤ ከሥሯ ያለውን ከሰል ለቅመን ስናወጣ መሬቱ ሰመጠ፣ እሷም አብራ ሰመጠች። አባቴ ሲያገባ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ የገባው ደረጃ ወጥቶ ነው። እኔ ሳገባ ደረጃ ወርጄ ገባሁ።

ከዚያ ወደ ጉድጓዱ እወስዳቸዋለሁ። ባርቦራ ይባላል፣ በማዕድን ሠራተኞች ጠባቂ በቅድስት ባርባራ ስም። ጉድጓዱ ራሱ በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ የቀረው ማማው፣ የመብራት ክፍሉና ልብስ መቀየሪያው ነው። አሁን ሙዚየም ሆነዋል፤ እኔ የድሮው ሠራተኛ አስጎብኛለሁ። ከሰሉን መጀመሪያ ያገኘው አንድ አንጥረኛ ነው እላቸዋለሁ። ምድጃውን በጥቁር ድንጋይ ሠርቶ ድንጋዩ አብሮ ሲነድ አየ እላለሁ። እውነት ይሁን ውሸት እንጃ፤ ከመደጋገሜ ብዛት እኔ ራሴ ማመን ትቻለሁ። ጉልበቴ ያመኛል፣ ደረቴ ያፏጫል፣ አንጥረኛው ግን አያረጅም።

ወሬያቸውን የሚያቆሙት ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሲገቡ ነው። ትልቅ አዳራሽ ነው፣ ቁም ሳጥን የሚባል የለውም። እያንዳንዳችን የየራሳችን ሰንሰለት ነበረን። የመንገድ ልብሳችንን መንጠቆው ላይ ሰቅለን፣ ሰንሰለቱን ጎትተን ጣሪያ ድረስ እናወጣውና ጫፉን ከግድግዳው ጋር በጓጉንቸር እንቆልፈዋለን። ቁልፉ አንገታችን ላይ ታስሮ አብሮን ወደ ጉድጓድ ይወርዳል። ቀና ብሎ ላየ ሰው ሁሉ ነገር ግልጽ ነበር። ንጹሕ ልብስ ከተሰቀለ ሰውየው ከታች ነው። የሥራ ልብስ ከተሰቀለ ቤቱ ገብቷል። መንጠቆው ባዶ ከሆነ ደግሞ ጡረታ ወጥቷል፤ እንኳን ደስ ያለው።

ደንባችን አንድ ነበር፤ የሰው ሰንሰለት አይነካም። የሰቀለ ራሱ ያወርዳል። ከታች የሞተ እንደሆነ አስከሬኑ እስኪወጣ ልብሱ እላይ ይቆያል፤ ከወጣ በኋላ ጓደኞቹ አውርደው ለሚስቱ ያደርሱላታል።

ጓደኛዬ ቬንደሊን አልወጣም። ከታች ጋዝ የፈነዳ ዕለት እኔ ሌላ ፈረቃ ነበርኩ። ሌሎቹን አወጧቸው፣ እሱን ግን አላገኙትም፤ እሳቱ አልጠፋ ሲል የሚነደውን ዋሻ በግንብ ዘጉት። ቬንደሊን ከግንቡ ወዲያ ቀረ፣ ቁልፉም አንገቱ ላይ ቀረ። ልብሱ ግራጫ ጃኬት፣ ሱሪና በማሰሪያቸው የተቋጠሩ ቡናማ ጫማዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱ ተዘጋ፣ ሠራተኛው ተበተነ፣ የሚበዛውም ሞተ፤ ሌሎቹ መንጠቆዎች ላይ ሙዚየሙ ለማሳያ ያረጀ የሥራ ልብስ ሰቀለ፣ የቬንደሊን ጃኬት ግን ራሱ እንደሰቀለው እላይ አለ።

ሚስቱ ድራሆሚራ በየዓመቱ በቅድስት ባርባራ ቀን ትመጣለች። በእኛ አገር በዚያ ቀን የቼሪ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፣ ለገና ያብባል ይባላል። እሷ ቅርንጫፉን የምታስረው ከቬንደሊን ጓጉንቸር ጋር ነው፣ ውሃ በሌለበት። ከዚያ አንጋጣ ትቆማለች። እኔም ኮፍያዬን አውልቄ አጠገቧ እቆማለሁ። ሲበቃት «እግዜር ያቅናው» ትለኛለች፤ ወደ ጉድጓድ ስንወርድም ስንወጣም የምንባባለው ሰላምታ ነው። «እግዜር ያቅናው» እላታለሁ፣ ትሄዳለች።

በመከር አንድ ጠዋት የሙዚየሙ ኃላፊ ራዳና ጠራችኝ። ደህና ልጅ ናት፣ ብዙ አታወራም።

«አቶ ሉቦር፣ ጣሪያው ሊለወጥ ነው። ሰንሰለቶቹ መውረድ አለባቸው።»

«የትኞቹ?»

«ሁሉም። የቬንደሊንም።» ወደ መስኮቱ ዞር አለች። «ወይዘሮ ድራሆሚራ ካልፈቀዱ ግን አላስነካም። ያንን ጥግ ትታችሁ ሥሩ እላቸዋለሁ፣ ዝናቡም ይግባ።»

«ዝናብ ከገባ ልብሱ ይበሰብሳላ።»

«እኮ። እርስዎ ቢያነጋግሯቸውስ? እኔ ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ?»

እኔስ ምን ብዬ? እውነቱን ለመናገር ያ ጃኬት ታክቶኛል። በየቀኑ የጓደኛዬን ሞት ለማላውቀው ሰው እተርካለሁ። አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ አንዱ «ኪሱ ውስጥ ምን አለ?» ይለኛል፣ አንዱ ደግሞ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቀኛል። አንዳንድ ቀን በወረደና በተገላገልኩ እላለሁ። ግን ድራሆሚራ ያላት መቃብር ያ ነው። እሷ በሕይወት እያለች ማንም እንዳይነካው ለራሴ ምያለሁ። አሁን ደግሞ ሄጄ ባልሽን ላውርደው ልበላት?

ሦስት ቀን ያህል ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ተኛሁ። በኋላ አፈርኩና ሄድኩ።

ድራሆሚራ የምትኖረው አሮጌው ከተማ ሲሰምጥ ሰዉ በተዛወረባቸው ፎቆች በአንዱ፣ ከሁሉ በላይ ባለው ወለል ላይ ነው። አሳንሰሩ ተበላሽቷል። በየደረጃው ማረፊያ እየቆምኩና እየሳልኩ ወጣሁ፤ በሩ ላይ ደርሼ ሳላንኳኳ ከፈተችልኝ።

«ሳልህን ከታች ጀምሮ ሰምቼዋለሁ» አለች። «ምነው፣ ዛሬ ባርባራ ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

«ማን ሞተ ታዲያ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያውስ ግባ። ጫማህን አውልቅ፣ አሁን ነው የወለወልኩት።»

የድንች ሾርባ ሰጠችኝ። ከፕሪም የወጣውን አረቄ በትንሿ ብርጭቆ ቀዳችልኝ። ስለ ልጇ ነገረችኝ። እኔም ስለ ቤተ ክርስቲያኗ፣ ስለ ጎብኚዎቹ፣ ስለ አየሩ ዘባረቅኩ። ሾርባው አለቀ፣ እኔ ግን ከጀመርኩበት ፈቀቅ አላልኩም።

«በል አትዙር» አለች። «ያንን ሁሉ ደረጃ በዚህ ሳንባህ የወጣኸው ስለ ደመና ልትነግረኝ አይደለም።»

«ስለ ጣሪያ ነው።»

«የምን ጣሪያ?»

«የልብስ መቀየሪያው። ያፈሳል። ሊለውጡት ነው፣ ሰንሰለቶቹ ይውረዱ አሉ።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የሱም?»

«የሱም። አንቺ እምቢ ካልሽ ግን አይነካም። ቃል ገብተውልኛል። ባይገቡም እኔ ከሥሩ ቆሜ ...»

«ሉቦር።»

«ወይ።»

«እስቲ ዝም በል።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፍርፋሪ በጣቷ እየሰበሰበች ቆየች። አሁን ታለቅሳለች ብዬ ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ከመስኮቱ ወዲያ ከጉድጓዱ የወጣው ጥራጊ ድንጋይ ተራራ ሆኖ ይታያል፤ ዛፍ በቅሎበታል።

«መቼ ነው የሚያወርዱት?» አለች።

«እ?»

«ከባርባራ በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል። ዘንድሮ ያንን ዳገት የምወጣው አይመስለኝም።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «እንዲቆይ አትፈልጊም እንዴ?»

«እኔ? ስንቴ አውርዱልኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ መሰለህ የተመለሰው። ዞር ስል አንተ ኮፍያህን አውልቀህ፣ እንደ ሐውልት ተገትረህ፣ አፍንጫህ ቀልቶ። ይሄ ሰውዬ ይከፋዋል እላለሁ፣ እተወዋለሁ። ደንባችንን ረገጠች እንዳትሉኝ።»

«ማን ነው የሚልሽ?»

«እናንተ ናችኋ። ሌሎቹ ሞቱ፣ አንተ ቀረህ። ለአንተ ብዬ ነው የምመጣው።»

«እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው ያስጠበቅኩት። እኔማ ታክቶኛል።»

ተያየን። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፣ ደረቅ ሳቅ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» አለች። «ሞኙ አንተ ነህ እንበል። እኔ ወረቀቷ ነኛ።»

እኔ ግን አልሳቅኩም። ተናደድኩ፣ በማን እንደምናደድ ግን አላወቅኩም። ሁለት ሰዎች በይሉኝታ ታስረን፣ አንዳችን ለሌላችን ስንል፣ ቬንደሊንን ዕድሜ ልካችንን ጣሪያ ላይ አንጠልጥለነው ኖረናል። አንድ ቃል ብንተነፍስ ኖሮስ? የሚበቃ ነበር።

«ሌላው ሴት ባሏ ሲሞት ሸሚዙን ታጥባለች፣ ታጥፋለች፣ ታለቅስበታለች» አለች፣ ብርጭቆዬን እየሞላች። «እኔ አንጋጥጬ ነው ያለቀስኩት። አንገቴ እስኪደነዝዝ። ያን ዕለት ጠዋት የጃኬቱ አዝራር ተበጠሰና ልስፋልህ ስለው ረፍዶብኛል አለኝ። እሺ፣ ስትመለስ እሰፋዋለሁ አልኩት። በቃ ይሄው ነው። ሌላ ነገር አልተባባልንም።»

«ምን እናድርገው ታዲያ?»

«ወደ ቤቴ አምጣልኝ። ሌላ ምን ይደረጋል?» ትንሽ አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ እኔው እመጣለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ልውጣው ዳገቱን።»

የተባለው ቀን ካፊያ ነበር። ድራሆሚራ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ካፖርት ሳይሆን ስስ ሹራብ ለብሳ መጣች። ብርድ ይመታሻል ስላት ቀድማኝ ወደ በሩ ሄደች። ራዳና በሩን ከፈተችልንና እሷ ራሷ ውጭ ቀረች።

ቁልፉ ከቬንደሊን ጋር ስለሆነ ጓጉንቸሩን በብረት መጋዝ ቆረጥኩት። ዝጎ ነበር፣ ብዙም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ሰንሰለቱ ነው። ይዤዋለሁ፣ ግን እጄ እሺ አላለኝም። የሰቀለ ራሱ ያወርዳል። ልጅ ሆኜ የተማርኩት ነገር ነው፣ ከአእምሮዬ አልፎ ክንዴ ውስጥ ገብቷል።

«አልቻልኩም» አልኳት።

«አውቄያለሁ» አለች። «አምጣ፣ እኔ የጉድጓድ ሠራተኛ አይደለሁም፤ ደንባችሁ አያስረኝም።»

ሰንሰለቱን ተቀበለችኝ። ከኋላዋ ሆኜ ጫፉን ብቻ ያዝኩላት፣ እንዳያመልጣት። በዝግታ ለቀቀችው። መዘውሩ አቃሰተ፣ አቧራ ወረደብን፣ ጃኬቱም ትንሽ ትንሽ እያለ መጣ። ከታች ሆነን ስናየው ጥላ ብቻ ነበር፤ አሁን ክንድ አወጣ፣ ኪስ አወጣ። ጫማዎቹ አግዳሚ ወንበሩን ሲነኩ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦

«እግዜር ያቅናው።»

ከጉድጓድ ለወጣ ሰው የምንለውን ነው ያልኩት። ድራሆሚራ አልዞረችም። ጃኬቱን ከመንጠቆው አውርዳ በሁለት እጇ ትከሻውን ይዛ ዘረጋችው።

«ትንሽ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«እሱ። እያደር ትልቅ ሰው ሆኖ ነበር የሚታየኝ፣ አብሮኝ ያረጀ። የልጄ ልጅ እኮ አሁን ይሄን ያክላል።» ድምፅዋ ሰለለ። «ልጅ ነበር፣ ሉቦር። አንድ ፍሬ ልጅ።»

ያኔ አለቀሰች፣ ፊቷን ጃኬቱ ውስጥ ቀብራ። ሽታው አቧራና ዝገት ብቻ ነው፣ እኔ እስከቆምኩበት ይመጣል። አላባበልኳትም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከዚያን ዕለት በፊት ጎንበስ ብላ አልቅሳ አታውቅም። እኔም አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩና ለቬንደሊን አለቀስኩለት።

ሲበቃት እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች። ጎብኚዎቹ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝን ያን ጊዜ አየሁት። አዝራሩ ነበር። ክሩ እንዳለ ተሰክቶበታል። ለእሷ ሊሰጣት ነው ያስቀመጠው።

በመዳፏ ይዛው ቆየች። ከዚያ ጃኬቱን አራገፈችና ለበሰችው፤ ስስ ሹራብ ለብሳ የመጣችበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ። እጅጌው እስከ ጣቶቿ ደረሰ። አዝራር በሌለበት በኩል በእጇ ሰብስባ ያዘችው።

«እኔ ቤቴ ልግባ» አለች። «ይሄን ልስፋ።»

ሱሪውንና ጫማዎቹን ይዤላት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘኋት። በዋናው በር፣ ፈረቃ ሲያበቃ ሁላችንም በምንወጣበት፣ በካፊያው ውስጥ ቬንደሊን ወጣ። ቁልቁለቱን ቀስ ብለን ወረድን። አውቶቡሱ ሲመጣ ጫማዎቹን ተቀበለችኝና፣ «ለባርባራ እኔ አልመጣም፣ አንተ ና» አለችኝ። «ሾርባ አለ።»

ስመለስ ጎብኚዎች በሩ ላይ እየጠበቁኝ ነበር። ስለ አንጥረኛው ነገርኳቸው፣ ስለ ድንጋዩ ነገርኳቸው። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አንዲት ሴት ገና ያልወረዱትን ልብሶች ቀና ብላ ስታይ ቆየችና ወደ ግድግዳው ጥግ አመለከተችኝ።

«ያኛው መንጠቆ ለምንድን ነው ባዶ የሆነው?»

«የቬንደሊን ነው» አልኳት። «ጡረታ ወጣ።»